በክረምት ቀፎው ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው?

በየመንደሩ ስንዘዋወር ንብ አናቢዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። «በግንቦት ወር ንብ ሞልቶት የነበረው ቀፎ በመስከረም ሲከፈት ሰፈፍና ትል ብቻ የሚገኝበት ስለ ምንድን ነው?» ይሉናል። አንዱ በጉንዳን ያሳብባል፤ ሌላው በሰው ዐይን፤ ሦስተኛው ደግሞ ጎረቤቱ እርሻው ላይ የረጨውን የአረም መድኃኒት ይከሳል። ጉንዳንም ሆነ መድኃኒት በእርግጥ ይጎዳል። የነገሩ ሥር ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በንቢቱ በራሷ አካል ውስጥ ይገኛል። የሣጥን ቀፎ በብድር ለገዛ ቤተሰብ ደግሞ ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ንቡ ሄደ ማለት የልጆቹ የደብተርና የልብስ ገንዘብ ሄደ፣ ዕዳው ግን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ወቅት ሲለዋወጥ በንብ አካል ውስጥ ምን እንደሚለወጥ፣ ንብን የሚያስረጃትም ምን እንደ ሆነ በተቻለን መጠን በግልጽ ቋንቋ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጥቂት እንግዳ ቃላት ስለሚያጋጥሙ አንባብያን እንድትታገሡን እንለምናለን።

ለመሆኑ ንብ ስንት ጊዜ ትኖራለች? ለዚህ ጥያቄ አንድ ብቻ የሆነ መልስ አይገኝለትም። በአውሮፓ አበባ በሚበዛበት ወራት የተወለደች ሠራተኛ ንብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ኖራ ትሞታለች። ከዚያችው ንግሥት፣ በዚያው ቀፎ፣ አበባው ሊያልቅ ሲል የተወለደችው እኅቷ ግን በረዶውን ሁሉ አሳልፋ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ ስምንት ወር ትኖራለች። ንግሥቲቱ ራሷ ሁለትና ሦስት ዓመት መቆየቷ የተለመደ ነው። እናታቸው አንዲት ሆና ሳለ የእኅትማማቾቹ ዕድሜ ይህን ያህል መራራቁ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሯል። ከዚህ የምንረዳው የንብ ዕድሜ የሚለካው በሠራችው ሥራና በሰውነቷ ባጠራቀመችው ስንቅ መሆኑን ነው፤ የቀን ቁጥር ብዙ አይነግረንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናሳስብ። «ክረምት» የሚለውን ቃል በዚህ ጽሑፍ ለአገራችን የዝናብ ወራት ብቻ እንጠቀምበታለን። የአውሮፓውን ግን «የበረዶ ወራት» እንለዋለን። ሁለቱ ከተምታቱ ምክሩም ይምታታል።

ንብ እንደ እኛ ሳንባ የላትም። አየር በጎኗ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ በቀጫጭን ቧንቧዎች አማካይነት እስከ ጡንቻዋ ድረስ ይደርሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከማሩ ስኳር ጋር ሲዋሐድ ኃይል ይሰጣታል። በምትበርበት ጊዜ የክንፏ ጡንቻ የሚያቃጥለው ስኳር ዐርፋ ሳለች ከሚያቃጥለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በምድጃ ብዙ እንጨት ሲማገድ ፍንጣሪው እንደሚበዛ ሁሉ፣ በዚህ ቃጠሎ መካከልም ከኦክሲጅኑ ጥቂቱ በሚገባ ሳይዋሐድ ያመልጥና ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ፍንጣሪ ይሆናል። ፍንጣሪው የሰውነቷን ስብ፣ ፕሮቲኑንና በየሕዋሱ ውስጥ ያለውን የዘር መልእክት ይጎዳል። ሊቃውንቱ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉትም ፍንጣሪው ከማጥፊያው ኃይል በልጦ ሲገኝ ነው። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ብረት ደጅ ሲያድር ይዝጋል፤ ለጋ ቅቤም ክዳን በሌለው ዕቃ ሲከርም ሽታውም ጣዕሙም ይለወጣል። ሁለቱም የኦክሲጅን ሥራ ናቸው። በንብ ገላ ውስጥ ያለውም ስብ እንደዚያ ቅቤ ይበላሻል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ አንድ ጥናት አበባ ቀሳሚ ንቦች በጠቅላላው 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከበረሩ በኋላ እንደሚሞቱ አመለከተ። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ ካለው የመኪና መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው። በየቀኑ ብዙ የምትበር ይህን ጉዞ ቶሎ ትጨርሳለች፤ ጥቂት የምትበር ደግሞ ዘግይታ። እንግዲህ አበባ ሩቅ በሆነበት ስፍራ የምትኖር ንብ ያንኑ አንድ ሸክም ለማምጣት ከዕድሜዋ አብዝታ ትከፍላለች።

ንብ ለዚህ ፍንጣሪ መከላከያ አላት። በሕዋሳቷ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ፍንጣሪውን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ካታሌዝ የሚባለው ሌላው ኢንዛይም ደግሞ ይህን ወደ ውሃና ወደ ኦክሲጅን ይመልሰዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጤና ጣቢያ ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው መድኃኒት ነው። የሚያስገርመው፣ ንቦች ማር ሲያዘጋጁ ከራሳቸው ዕጢ በሚያፈልቁት ኢንዛይም አማካይነት ይህንኑ ነገር በማሩ ውስጥ ያስገኙታል። ማር በቀላሉ የማይበላሸውና እናቶቻችን ቁስል ላይ የሚያደርጉት በከፊል ስለዚህ ነው። ለማሩ ዘበኛ የሆነው ነገር ለንቢቱ ገላ ጠላት ስለሆነ እዚያ እንዲኖር፣ እዚህ ግን እንዲጠፋ ይደረጋል።

ወቅትን በሚመለከት ግን ተመራማሪዎች ይበልጥ ያተኮሩበት ሌላ ጋሻ አለ። በንብ ሆድ ውስጥ፣ ከጀርባዋ ቆዳ ሥር፣ ስስ የስብ ሽፋን ይገኛል። ይህ ክፍል እንደ ጉበትም እንደ ጎተራም ሆኖ ያገለግላታል። እዚያም ቪቴሎጀኒን የተባለ ፕሮቲን ይዘጋጃል። በሌሎች ነፍሳት ዘንድ ይህ ፕሮቲን የእንቁላል አስኳል መሥሪያ ነው። ሠራተኛ ንብ ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል የማትጥል ሆና ሳለ እርሷም ታዘጋጀዋለች። ምን ያደርግላታል? እ.ኤ.አ. በ2006 በኖርዌይ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ያሉበት ቡድን ይህን መረመረ። አንዳንዶቹን ንቦች ቪቴሎጀኒን እንዲያንሳቸው ካደረገ በኋላ ፓራኳት የተባለውን የአረም ማጥፊያ መርዝ በመርፌ ሰጣቸው። ፓራኳት በገላ ውስጥ የኦክሲጅንን ፍንጣሪ የሚያበዛ መርዝ ነው። ቪቴሎጀኒን ያነሳቸው ንቦች መርዙን መቋቋም አቃታቸው፤ በሚገባ የነበራቸው ግን የተሻለ ተቋቋሙ። ፍንጣሪው በደማቸው ውስጥ ከሌሎቹ ፕሮቲኖች ይልቅ ቪቴሎጀኒንን እንደሚመታም ታየ። እንደ ድሮው ዘመን ጋሻ ጃግሬ በጌታው ፊት ቆሞ ጦሩን በራሱ ይቀበላል ማለት ነው።

ይህ ጋሻ ከምን እንደሚሠራ ማወቁ ለአናቢው ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ማር ኃይል ይሰጣል እንጂ ለገላ መገንቢያ አይሆንም። ፕሮቲን የሚገኘው ንቦች በኋላ እግራቸው አንከብልለው ከሚያመጡት የአበባ ዱቄት ነው። አዲስ የተወለደች ንብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ዱቄት አብዝታ ትመገብና የስብ ጎተራዋን ትሞላለች። ከዚያ በኋላ ሞግዚት ትሆናለች። ከራሷ ላይ ካለው ዕጢ ወተት የመሰለ ምግብ እያፈለቀች እጮቹን ትመግባለች፤ ያም ምግብ የሚዘጋጀው ካጠራቀመችው ቪቴሎጀኒን ጭምር ነው። ያሳደገቻቸው እጮች በበዙ ቁጥር የእርሷ ጎተራ ይጎድላል። ቪቴሎጀኒኑ ሲያንስ ጁቬናይል የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ከፍ ይላል። ሁለቱ እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሆርሞኑ ከፍ ሲል ንቢቱ የውስጥ ሥራዋን ትታ ለቀሰማ ወደ ሜዳ ትወጣለች። በዚያን ጊዜ ስቧ አልቋል፤ በሽታ የሚከላከሉት የደም ሕዋሳቷም በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ጋሻዋንም ለልጆቹ ሰጥታ ጨርሳለች። እንግዲህ ፍንጣሪው እጅግ በሚበዛበት ሥራ ላይ የምትሰማራው መከላከያዋ ባለቀበት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ቀሳሚዎች ከሁለት ሳምንት በላይ የማይቆዩትም ለዚህ ነው።

ይህ ለውጥ መመለሻ የሌለው እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ምርምር እንደሚያስረዳው፣ ቀሳሚ የነበሩ ንቦች ሞግዚት ሲታጣ ወደ ውስጥ ሥራ ሲመለሱ ቪቴሎጀኒናቸው እንደገና ከፍ ይላል፤ የደም ሕዋሳታቸውም ያገግማሉ። በእኛ ግምት ይህ ከሁሉ ይልቅ አስደናቂው ግኝት ነው። ሥራዋን የለወጠች አሮጊት ንብ ከእርጅናዋ ጥቂት ወደ ኋላ ትመለሳለችና።

አሁን ወደ ወቅቶቹ እንለፍ። በብርድ አገር አበባው ሲያልቅ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣልን ትቀንሳለች፤ ቀጥላም ታቆማለች። በመጨረሻ የተፈለፈሉት ንቦች እንደ ሌሎቹ ዱቄቱን ይመገባሉ፤ ነገር ግን የሚያሳድጉት እጭ የለም። ስለዚህ ስንቁ ሁሉ በገላቸው ውስጥ ይቀራል። ስዊዘርላንዳዊቷ የንብ ተመራማሪ አና ማውሪትሲዮ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው፣ ዱቄት በሚገባ በልተው እጭ ያላሳደጉ ንቦች የስባቸውና የዕጢያቸው ክፍል እንደ ዳበረ ይቆያል፤ ረጅም ዕድሜም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በዚያው አገር በበረዶ ወራት ንቦች ደም ላይ ምርመራ ተደርጎ ጁቬናይል ሆርሞን አነስተኛ፣ ቪቴሎጀኒን ግን ብዙ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ንቦች ተጠጋግተው እንደ ኳስ ይሆናሉ፤ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ይሞቃሉ፤ ማራቸውንም በቁጠባ ይበላሉ። አበባ ሲመለስ ያንን ያቆዩትን ስንቅ ለመጀመሪያዎቹ እጮች ያፈሱና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃሉ።

የእኛ አገር ነገር ከዚህ ይለያል። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋችን ንብ በዓመት ሁለት ጥጋብና ሁለት ረሃብ ያገኛታል። ዝናቡ ሲያበቃ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ይሸፍኑታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ዋናው ማር ይቆረጣል። ቀጥሎ ደረቁ ወር ይመጣል። የበልጉ ዝናብ ሲጥል እንደ ብሳና፣ ጌተምና ግራር ያሉት ያብቡና ከሚያዝያ ጀምሮ እንደየአገሩ ሁለተኛው ቆረጣ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ አሉ። ዝናቡ ንቧን ከቤት አያስወጣትም፤ ብርዱ ማር ያስበላታል፤ አበባውም ጥቂት ነው። የዝናቡ ወር የበረዶ ወራትን ያህል አይረዝምም። ታዲያ ንባችን ለምን ቀፎዋን ትታ ትሄዳለች?

አንዱ ምክንያት በተፈጥሮዋ ነው። የኢትዮጵያ ንብ ከአፍሪካ ንቦች ወገን ናት። በደጋው ለሚገኘው ንብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ከሰሜን ተራሮች ስም የተወሰደ ሲመንሲስ የሚል መጠሪያ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሌላ ጥናት ብራዚል ውስጥ የሚገኙ ከአፍሪካ ዘር የመጡ ንቦች ከአውሮፓ ዘር ንቦች ጋር ሲነጻጸሩ የቪቴሎጀኒን መጠናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንደ ገመቱት የአውሮፓ ንብ ብዙ ስንቅ በገላዋ የምትይዘው ስድስት ወር በቤት መቀመጥ ግድ ስለሚሆንባት ነው። አበባ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው በሚዘዋወርበት አገር ያለችው ንብ ግን ለረሃብ ያላት ዘዴ መሰደድ ነው። ከመሄዷም በፊት እጭ ማሳደግን ትቀንሳለች፤ የቀረውን ማር በሆዷ ትሞላለች፤ ከዚያም ትነሣለች። አናቢው ከዳችኝ ይላል። እርሷ ግን ከጥንት ጀምሮ ሕይወቷን ያተረፈችበትን መንገድ መከተሏ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በእጃችን ያለ ስለሆነ ብዙ ልንናገርበት እንወዳለን። በሐምሌ ቀፎ ውስጥ ያለችው ንብ የተወለደችው በግንቦትና በሰኔ ነው። ክረምቱን የምትቋቋምበትን ስብና ጋሻ ያገኘችው ያን ጊዜ ከበላችው ዱቄት ነው። እኛ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን በሌሊት በጢስ ገብተን እንጀራውን ሁሉ እንቆርጣለን። ማሩን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከእጩ አጠገብ ያለውን ቢጫና ቡናማ ዱቄት የያዘውን እንጀራ፣ ከእጩም ጋር፣ አብረን እናወጣዋለን። ለጠጅ የሚገዛው ነጋዴ ዱቄቱንም እጩንም ሳይለይ በሚዛን ስለሚቀበል አናቢው ለይቶ ቢቆርጥ የሚያተርፍ አይመስለውም። በዚህም አንዲት ንብ ረጅም ዕድሜ የምትኖርበትን ምግብ በጥቂት ገንዘብ ሸጠን፣ የቀሩት በባዶ ጎተራ ዝናቡን እንዲጋፈጡ እናደርጋለን። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። በሰኔ ቆረጣ ዱቄትና እጭ ያለበት እንጀራ አይነካ፤ ከማሩም ቢያንስ ሲሶው ይቅር። በባህላዊው ቀፎ ይህን ለመፈጸም ማሩን ከኋላ በኩል መቁረጥና እጭ ሲታይ እጅን መመለስ ይበቃል።

ስኳር ስለ መስጠት የሚነሣ ጥያቄ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ጉዳት ያደርሳል። ቀጭን የስኳር ውሃ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስኳር የተበጠበጠበት፣ ለንግሥቲቱ አበባ የመጣ ያስመስልባታል። እንቁላል ትጥላለች። ዱቄት ከሌለ ሞግዚቶቹ እጩን የሚመግቡት ከራሳቸው ገላ ቀንሰው ነው፤ እጩ ሳይደርስ እነርሱ ያልቃሉ። በመካከለኛው ክረምት እንዲህ ዓይነቱን መስጠት ንብን መርዳት ሳይሆን ማስረጀት ነው። መስጠት ግድ ከሆነ ዝናቡ ሳይከብድ በሰኔ፣ ወፍራሙን፣ በአንድ ሊትር ሁለት ኪሎ የገባበትን ይስጡ፤ ያን ለስንቅ ያኖሩታል። ቀጭኑ የሚጠቅመው ማጌጥና ባቄላ ማበብ ሲጀምሩ፣ በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ዱቄትም ስለሚገባ ኅብረ ንቡ ለአደይ አበባ በርትቶ ይደርሳል። ሁለቱም ቢሆኑ በምሽት፣ በቀፎው ውስጥ፣ ንቦች እንዳይሰምጡ ሣር ጣል በተደረገበት ሳህን ይሰጡ። በቀን ውጭ ከተቀመጠ ከሌላ ቀፎ ዘራፊ ይጠራል። በልዩ ልዩ አውራጃዎች እናቶች በሶና የሽሮ ዱቄት ሲያቀርቡ አይተናል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፤ በርበሬ ያልገባበት ቢሆን ይሻላል፤ የአበባውን ዱቄት ያህል ግን አይሆንም።

ቀፎ ሳይከፈት የውስጡን ማወቅ ይቻላል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በመግቢያው ፊት ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ። በእግራቸው ዱቄት ይዘው የሚገቡ ካሉ ውስጥ እጭ አለ ማለት ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ አበባም በአካባቢው ኖሮ ብዙ ቀን ዱቄት የማይገባ ከሆነ ግን ለመሄድ እየተዘጋጁ ሊሆን ይችላል።

መርዝን በተመለከተ፣ ስቧ ያለቀ ንብ በጥቂቱም ትሞታለች። ጎረቤቶች የአረምና የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ ንብ ከገባች በኋላ፣ ወደ ማታ፣ አበባ ላይ ሳይሆን እንዲረጩ መነጋገር ይገባል። በአገራችንም መኖሩ የታወቀው ቫሮአ የሚባለው ጥገኛ ተባይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ተገለጸው፣ በተለይ የሚመገበው ከዚሁ ከስቡ ክፍል ነው። በቡናማ ቀለሙና በዝርግ ቅርጹ ይታወቃል፤ ያየ ሰው ለአካባቢው የግብርና ባለሙያ ያሳውቅ።

በመጨረሻም ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ቃል አለን። ብዙውን ጊዜ የቀፎ ቁጥር የምንወስደው በሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። በዚያ ወር ሁሉም ቀፎ ሙሉ ስለሚመስል ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል። ቆጠራው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ቢደረግ እውነተኛውን ቁጥር እናገኛለን። በቅጹ ላይም ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ በሰኔ ምን ያህል ማር እንደ ተቆረጠ፣ ዱቄት ያለበት እንጀራ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ስኳር ተሰጥቶ ከሆነም ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑና የተሰጠበት ወር።